ለወፍ የሚበተነው ዘር ኮድ አለው፣ ጤፍ ግን የላትም

ይቺ ጽሑፍ ረዘም ትላለች። አቦሉ ላይ የምታልቅ አይደለችም፣ እስከ በረካ ትወስዳችኋለች። ሥራ ላይ ያላችሁ ማታ አንብቧት።

ነገሩን ያስነሳው አንድ ተማሪ ነው። ጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ስለ ውጭ ንግድ እያስተማርኩ መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር ስላረጀብኝ በዜና የሰማነውን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩላቸው። በ2016 በጀት ዓመት አገራችን ዕቃ ወደ ውጭ ልካ ያገኘችው 3.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በ2017 በጀት ዓመት 8.3 ቢሊዮን ተባለ። ከዚህ ውስጥ ወርቅ ብቻውን 3.5 ቢሊዮን ገደማ ነው። ከኋላ የሚቀመጥ፣ ብዙም የማይናገር ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ወርቁ ዓምና የት ነበር?» አለኝ።

ክፍሉ በሳቅ ተንጫጫ፤ ልጁም አፍሮ ቁጭ አለ። እኔ ግን እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ማስተማር ከጀመርኩ ጀምሮ እንደዚህ ያለ ጥያቄ ብዙ አልገጠመኝም። ወርቅ እንደ ቦለቄ በሦስት ወር አይደርስም። መሬቱ ዓምናም ነበረ፣ ቆፋሪውም ነበረ። ታዲያ የት ነበር?

መልሱን በከፊል ሁላችንም እናውቀዋለን። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ ባንክ ቤት ዶላር 57 ብር ገደማ ሲሆን ጥቁር ገበያው ላይ ከ100 ብር በላይ ነበር። ቆፋሪው ወርቁን ለብሔራዊ ባንክ ሲያስረክብ በባንኩ ምንዛሪ ይሰላለታል። ባንኩ ማበረታቻ ቢጨምርለትም ድንበር ለሚያሻግረው ነጋዴ ቢሸጠው ይበልጥ ያተርፋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ሁለቱ ዋጋዎች ተቀራረቡና ወርቁ ወደ ባንኩ መጣ። በዚያ ላይ የዓለም የወርቅ ዋጋ ራሱ ተሰቀለ። ስለዚህ ከዚያ ትልቅ ቁጥር ውስጥ የተወሰነው አዲስ የተቆፈረ ነው፣ የተወሰነው የዋጋ ጭማሪ ነው፣ የተወሰነው ደግሞ ድሮም ይወጣ የነበረ ግን ማንም ያልጻፈው ነው። ዜናው ሦስቱን አንድ ላይ ደምሮ «ዕድገት» ይላቸዋል።

የኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። ስዊስኤይድ የተባለ የስዊዘርላንድ ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ በ2022 አንድ ዓመት ብቻ ቢያንስ 435 ቶን ወርቅ ሳይመዘገብ ከአፍሪካ ወጥቷል፣ አብዛኛውም የገባው ወደ ተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ነው ይላል። እንዴት አወቁ ካላችሁ፣ ሲወጣ ያልተጻፈው ሲገባ ተጽፎ ስለሚገኝ ነው። ወደዚህ እመለስበታለሁ።

እኔ ራሴ ስለዚህ ነገር እስካነብ ድረስ የውጭ ንግድ ቁጥር ሲባል አንድ የሚቆጥር ሰው በር ላይ ቆሞ ይታየኝ ነበር። እንደዚያ አይደለም። ቁጥሩ የሚመጣው ከወረቀት ነው። አስመጪው ወይም ላኪው (ብዙ ጊዜ በትራንዚተሩ አማካይነት) ዲክላራሲዮን ይሞላል፤ ዕቃው ምንድን ነው፣ ስንት ኪሎ ነው፣ ዋጋው ስንት ነው፣ ከየት መጣ፣ ወዴት ይሄዳል የሚለውን። ጉምሩክ ወረቀቱን የሚሰበስበው ቀረጥ ለማስከፈል ነው፤ ስታትስቲክሱ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። እንግዲህ አስቡት፤ የአገር ሂሳብ የሚሠራው ሰዎች ቀረጥ እንዳይበዛባቸው እያሰቡ በሞሉት ቅጽ ላይ ነው። አስመጪው ቀረጥ እንዲቀንስለት ዋጋውን ዝቅ አድርጎ መጻፍ ይፈልጋል። ላኪው ደግሞ ዶላሩ ውጭ እንዲቀርለት ከፈለገ እሱም ዝቅ ያደርጋል። ሁሉም ያደርጋል አላልኩም፤ ግን ቅጹን የሚሞላው ሰው ከቁጥሩ ጋር ጉዳይ አለው።

ይሄ አዲስ ጣጣ አይደለም። ነጋድራስ የሚለውን ማዕረግ ታሪክ ላይ ተምራችኋል አይደል? ነጋድራስ ገብረሕይወት ባይከዳኝ ድሬዳዋ ላይ የጉምሩክ ሹም ነበሩ። ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው አገራችን ከውጭ ሰዎች ጋር የምታደርገው ንግድ ለማን እንደሚያደላ በሰፊው ያነሳል። በባቡሩ በኩል የሚገባና የሚወጣውን ዕቃ ኬላ ላይ ሆነው ያዩ ሰው መሆናቸው ሁሌም ይገርመኛል። የኢኮኖሚ አዋቂ የሆኑት ከጉምሩክ ወንበር ላይ ነው።

አሁን ወደ ርዕሴ ልምጣ። ዲክላራሲዮኑ ላይ የዕቃው ስም በቃል ብቻ አይጻፍም፣ በቁጥር ነው። የዓለም የጉምሩክ ድርጅት ያዘጋጀው፣ ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት «ኤች ኤስ ኮድ» የሚባል አለ። ዓለም ላይ የሚነገደው ዕቃ ሁሉ ከ5 ሺህ በላይ በሆኑ ባለ 6 አሃዝ ኮዶች ይመደባል። ያልተቆላ ቡና 0901.11 ነው። ሰሊጥ 1207.40። ግመል 0106.13። አገሮች ከ6ቱ አሃዝ በኋላ የራሳቸውን መጨመር ይችላሉ፣ ዓለም በጋራ የሚያወዳድረው ግን እስከ 6ቱ ድረስ ነው።

እና እኔ ምን አደረግኩ መሰላችሁ፣ ጤፍን ፈለግኩ።

10.08 የሚለው ክፍል ላይ አነስ ያሉ እህሎች አሉ። ኪንዋ የራሷ ኮድ አላት፣ 1008.50። የምዕራብ አፍሪካው ፎኒዮ የራሱ አለው፣ 1008.40። ሁለቱም ያገኙት በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣው እትም ነው፤ ያኔ በፋኦ ጥያቄ ብዙ የምግብ ምርቶች ለብቻቸው ተለይተው ነበር። የካናሪ ዘር የሚባል ደግሞ አለ፣ ፈረንጆች በጎጆ ለሚያሳድጓት ወፍ የሚበትኑት። እሱም 1008.30 የሚል የራሱ ኮድ አለው። ጤፍ የለችም። የኛዋ ጤፍ፣ ሰርግና ተዝካሩ፣ ጾምና ፍስኩ ያለሷ የማይሆነው፣ በዓለም መዝገብ ከሌላ እህል ጋር ተቀላቅላ ነው የምትገባው።

ለምን? እዚህ ላይ ነገሩ ራሱን የሚዞር ክብ ነው። ብዙ የማይነገድ ዕቃ የራሱ ኮድ አይሰጠውም፤ ኮድ ያለውም ንግዱ ከሳሳ ይሰረዛል። እኛ ደግሞ በ1998 ዓ.ም. ጥሬ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይላክ ከለከልን (በኋላ በመጠኑ ላላ)፤ አገር ውስጥ እንዳይወደድ ተብሎ ነው፣ ምክንያቱም ይገባኛል። እንጀራ ግን ይፈቀዳል፤ እንጀራዋ በአውሮፕላን ዋሽንግተን ስትገባ ከዳቦ፣ ከብስኩትና ከኬክ ጋር 19.05 ውስጥ ትደመራለች። ስለዚህ ጤፍ አትነገድም፣ ስለማትነገድ ኮድ የላትም፣ ኮድ ስለሌላት ምን ያህል እንደምትፈለግ ከዓለም መዝገብ ማየት አይቻልም። በዚህ መሃል አሜሪካ አይዳሆ ላይ ይዘሯታል። ሆላንድ ውስጥ አንድ ኩባንያ የጤፍ ዱቄት ላይ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አውጥቶ ነበር፤ በ2018 እ.ኤ.አ. የሄግ ፍርድ ቤት ነው የሻረው። ያን ጊዜ ሁላችንም ተቆጥተን ሼር አድርገናል። ስለ ኮዱ ግን ማንም ሲቆጣ አላየሁም። ስማርት ስልክ እንኳ ከሌላው ሞባይል ተለይቶ የራሱን ኮድ ያገኘው በ2022ቱ እትም ነው፤ እስከዚያ ድረስ ኪሳችሁ ያለው ስልክና የድሮው ባለ ባትሪ መብራት ስልክ አንድ ነበሩ። ቀጣዩ እትም በ2028 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ይውላል።

የመርሳ ማንጎስ? እሱን ደግሞ ስነግራችሁ ትስቃላችሁ። ኮዱ 0804.50 ነው፤ «ዘይቱን፣ ማንጎ እና ማንጎስቲን»። ማንጎስቲን የሚባለውን ፍሬ ሐብሩ ውስጥ ያየው ሰው ካለ ይንገረኝ።

ይሄ ሁሉ የወረቀት ጨዋታ ለሚመስላችሁ ስለ አጎቴ ላውራ። አጎቴ ጊራና በኩል መሬት አላቸው። ዋና እህላቸው ማሽላና ጤፍ ነው። ክረምቱ ዘግይቶ ሲገባ ወይም ማሽላው ሳይበቅል ሲቀር ማሾ ይዘራሉ፤ ማሾ በሁለት ወር ከምናምን ስለሚደርስ እንደኛ ቆላ ላለ አገር ደራሽ ነው። ማሾን እኛ ብዙ አንበላውም። ወደ ውጭ ለመሸጥ ነው የሚዘራው። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ይገበያያል፤ የቃሉና የሸዋ ሮቢት አካባቢ ገበሬ በደንብ ያውቀዋል።

አንድ ዓመት ዋጋው ጥሩ ሆነ። ሰው ሁሉ ተቀባበለው። በሚቀጥለው ዓመት አጎቴ ከወትሮው የበለጠ ዘሩ፤ ሲያጭዱ ነጋዴው ፊቱን አዞረ። «መምህሩ፣» አሉኝ (ዘመድ ሆኜም ሲያላግጡብኝ መምህሩ ነው የሚሉኝ) «ያንተ ኢንተርኔት ይሄን ማሾ ማን እንደሚበላው ይነግርሃል? የሚበላውን ሰው ባውቅ እኮ ሲጠግብ አውቅ ነበር።»

የሚበላውን ሰው ባውቅ ሲጠግብ አውቅ ነበር። ከዚህ በላይ ስለ ንግድ ስታትስቲክስ ጥቅም የሚናገር ዓረፍተ ነገር ዩኒቨርሲቲም ቢሆን ይኖራል ብዬ አላምንም።

ማን ይበላዋል? ማሾ ኮድ አለው፣ 0713.31። ሠንጠረዡ ላይ ስትሄዱ የተላከበት አገር ይጻፋል። ችግሩ እዚህ ነው። ሕጉ ላኪው የሚያውቀውን የመጨረሻ መዳረሻ ይጻፍ ይላል። ላኪው የሚያውቀው ደግሞ የገዛውን ሰው ነው። ገዢው ዱባይ ያለ ነጋዴ ከሆነ የሚጻፈው ኤምሬትስ ነው። ዱባይ ግን የገዛችውን መልሳ በመሸጥ የምትኖር ከተማ ናት። ከዚያ ጆንያው ተቀይሮ ወዴት እንደሄደ የኛ ወረቀት አያውቅም። በጥራጥሬ ዓለም ትልቁ በላተኛ ህንድ ናት። በነሐሴ ወር 2017 እ.ኤ.አ. ህንድ ገበሬዎቿን ለመጠበቅ ብላ ከውጭ የሚገባውን ማሾ በኮታ ገደበችው። እንዲህ ያለ ውሳኔ ከኒው ዴልሂ ሲወጣ የማሾ ዋጋ ብዙ አገር ውስጥ ይነቃነቃል። የኛ መዝገብ ኤምሬትስ የሚል ከሆነ ህንድ ያወጣችውን ሕግ ከጊራና ጋር የሚያያይዘው ማን ነው? አጎቴ ዘሩን ይዘው ሰማይ ሰማይ ያያሉ፤ ማየት የነበረባቸው ግን ሌላም ነገር ነበር።

ወርቃችንም እንደዚሁ ነው። ለዓመታት ትልቅ ደንበኛችን ስዊዘርላንድ ተብላ ስትጻፍ ኖራለች፤ ስዊሶቹ ወርቁን የሚያጣሩ እንጂ ሁሉንም በጣታቸው የሚያደርጉ አይደሉም።

ሌላም አለ። ዋጋ ራሱ ይዋሻል። ዶላር እንደ ልብ በማይገኝበት ጊዜ ብዙ ላኪ ሰሊጥም ሆነ ጥራጥሬ እዚህ በውድ ገዝቶ ውጭ በኪሳራ ይሸጥ ነበር፤ በሚያገኘው ዶላር መኪና ወይም ብረት አስመጥቶ ኪሳራውን ስለሚያካክስ። ይሄ የተደበቀ ነገር አልነበረም፣ በጋዜጣም ብዙ ተብሎበታል። ስለዚህ ገበሬው ያየው ጥሩ ዋጋ ሁሉ ዓለም ምርቱን ስለፈለገው የመጣ አልነበረም። አንዳንዱ አዲስ አበባ ላይ መኪና ስለተፈለገ የመጣ ነው። ይሄን ለአጎቴ ሳስረዳቸው ዝም ብለው ሰሙኝና «እኔ መኪና ነበር የማመርተው በለኛ» አሉ።

ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩት የመስታወት ነገር ይኸውላችሁ። ባለሙያዎቹ «የመስታወት ስታትስቲክስ» ይሉታል። እኛ ለአገር ሀ ይሄን ላክን ብለን የጻፍነውን፣ አገር ሀ ከኢትዮጵያ ይሄ ገባልኝ ብላ ከጻፈችው ጋር ማስተያየት ነው። ልዩነቱ ሲሰፋ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። በታቦ ምቤኪ የተመራው የአፍሪካ ቡድን በ2015 እ.ኤ.አ. አህጉሪቱ በየዓመቱ ከ50 ቢሊዮን ዶላር በላይ በሕገወጥ መንገድ ይወጣባታል ያለው በከፊል እንዲህ ባለ ማስተያየት ተመሥርቶ ነው።

ግን ተጠንቀቁ። ልዩነት ሁሉ ሌብነት አይደለም። እኛ ላኪ ስንሆን የምንጽፈው ዕቃው ከአገር እስኪወጣ ያለውን ዋጋ ነው፤ ተቀባዩ የመርከብ ኪራይና ኢንሹራንስ ጨምሮ ይጽፋል። ወደብ ለሌለው አገር ይሄ ቀላል ገንዘብ አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. የተመድ የንግድና ልማት ጉባኤ ባወጣው ጥናት ደቡብ አፍሪካ ወርቋን በሰፊው ዝቅ አድርጋ እየመዘገበች ነው ብሎ ዓለምን አስደነገጠ። በኋላ ሲታይ የልዩነቱ ዋና ምክንያት ደቡብ አፍሪካ ወርቅን የምትመዘግብበት መንገድ ከሌላው የተለየ መሆኑ ነበር። አገር በሙሉ በሌብነት ከተጠረጠረ በኋላ ማለት ነው።

የኛ ደግሞ የቀን መቁጠሪያውም አለ። የበጀት ዓመታችን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ዓለም ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ይቆጥራል። የኛ 2017 በጀት ዓመት ከነሱ 2024 ግማሹን፣ ከ2025 ግማሹን ይዟል። ፌስቡክ ላይ «መንግሥት እንዲህ አለ፣ ዓለም ባንክ ግን እንዲህ አለ» እያላችሁ ከምትጣሉበት ቁጥር ግማሹ ጠቡ የአቆጣጠር ነው። የ13 ወር ጸጋ ለቱሪስት ጥሩ ነው፤ ስታትስቲክስ ለሚሠራ ሰው ራስ ምታት ነው።

አሁን ደግሞ ጭራሽ ወረቀት ወደማይደርስበት። ማክሰኞ የወልድያ ገበያ ውጡ። ሰልባጁ ተዘርግቷል፣ ስልኩ፣ ሽቶው፣ የልጆች ጫማው አለ። ከዚያ ውስጥ የትኛው በዲክላራሲዮን ገባ፣ የትኛው በጭፍራ በኩል በሌሊት መጣ ብላችሁ ብትጠይቁ የሚመልስላችሁ የለም፤ እኔም ደረሰኝ አልጠየቅኩም። በሌላው አቅጣጫ የሚወጣውም እንደዚያው ነው። ከሶማሌ ክልል ብዙ በግና ፍየል በበርበራ ወደብ በኩል ወደ ሳዑዲ ይሻገራል፤ እዚያ የሚቆጠረው የሶማሊላንድ ተብሎ ነው። ለሐጅ የሚታረደው በግ የኛን ሣር በልቶ ያደገ፣ በሰው ስም የሄደ ማለት ነው።

በዚያው በአፋር መንገድ ሰውም ይሄዳል። ከክፍሌ ወንበራቸውን ባዶ ትተው የሄዱ ልጆች አሉ። ኦቦክ ደርሰው ባሕሩን ያቋረጡ አሉ፤ ሳይደርሱ የቀሩም አሉ። ስም ስጠራ «ሄዷል» ይሉኛል፣ በስሙ ላይ መስመር አሰምራለሁ። የኔ የስም ማስጠሪያ ደብተር የዚያ መንገድ ብቸኛ መዝገብ የሚመስለኝ ቀን አለ። ይሄን እዚህ እተወዋለሁ፣ ርዕሴ አይደለም።

ኡጋንዳዎች ምን እንዳደረጉ ስሙ። ከ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ የስታትስቲክስ ቢሯቸውና ማዕከላዊ ባንካቸው ሰው መድበው ድንበር ላይ ያስቆጥራሉ። በብስክሌት የተጫነውን፣ በራስ የተሸከሙትን ባቄላና በቆሎ፣ የሚነዳውን ከብት አይተው ይጽፋሉ። ቀረጥ አይጠይቁም፣ አይወርሱም። የሚጽፉት ለማወቅ ብቻ ነው። እኛ ጋር ኬላ ላይ ወረቀት ይዞ የሚቆም ሰው ካያችሁ መንገድ ትቀይራላችሁ፤ እውነቴን አይደለም? ባለ ሁለት ፍየሏ እናት ቁጥር ከሚይዛት ቅጣት የሚይዛት ከመሰላት በሌላ በኩል ትዞራለች፤ ሁለቱ ፍየሎች ከአገር ሂሳብ ወጡ ማለት ነው። እኔን ብትጠይቁኝ መቁጠርና ማስከፈል ከአንድ ሰው እጅ መውጣት አለባቸው።

አንዲት ጎበዝ ተማሪዬ ደግሞ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተቀጥራ ሱፍ ልብስ ትሰፋ ነበር። «ጨርቁም፣ ክሩም፣ ቁልፉም ከውጭ ነው የሚመጣው፤ የኛ የሆነው እጃችን ነው» አለችኝ። ልብሱ ተሰፍቶ ሲወጣ ግን ሙሉ ዋጋው ኤክስፖርት ተብሎ ይደመራል፤ ጨርቁ ደግሞ ቀድሞ ኢምፖርት ተብሎ ተደምሯል። ቻይናም ውስጥ ያው ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት አንድ አይፎን ከቻይና ሲወጣ 179 ዶላር ገደማ ተብሎ እንደሚመዘገብ፣ ከዚያ ውስጥ የቻይና የመገጣጠም ድርሻ ግን 6 ዶላር ከ50 ሳንቲም ብቻ እንደነበረ አሳይቷል። ቀሪው የጃፓን፣ የጀርመን፣ የኮሪያና የሌሎች ነው። ከዚያ ወዲህ እነ የዓለም ንግድ ድርጅት የተጨመረውን እሴት ለብቻ የሚያሳይ ሂሳብ መሥራት ጀምረዋል። አሜሪካ አጎዋን ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ስታቋርጥብን ስንት ሚሊዮን ዶላር አጣን ተብሎ ብዙ ተወራ። የልጅቷን እጅ ብቻ ነጥሎ የሚያሳይ ዓምድ ግን ሠንጠረዡ ላይ አልነበረም።

እና አንድ ነገር ሁሌ ይከነክነኛል። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያ በጦርነት ውስጥ ነበረች። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ባንክ የለም፣ መብራት የለም። መርሳ ላይ ማንጎው ዛፉ ላይ በሰበሰ፣ ያመረተ ሰው የሚሸጥበት አላገኘም። ያው 2014 በጀት ዓመት ሲዘጋ የአገሪቱ ኤክስፖርት 4.1 ቢሊዮን ዶላር ሆነ፤ እስከዚያ ድረስ ከታየው ሁሉ ከፍተኛው። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ቡና ተወዷል፣ ሌላው አካባቢ አምርቷል። የምናየው ሠንጠረዥ የሚከፋፈለው በምርትና በተላከበት አገር ነው፤ በወጣበት ወረዳ አይደለም። ስለዚህ አንድ ሙሉ ዞን ለወራት ከዓለም ተቆርጦ አገሪቱ ሪከርድ ልትሰብር ትችላለች፤ ሪፖርቱን የሚያነብ ሰውም ምንም ነገር እንደጎደለ አያውቅም። ያንን ዜና የሰማሁት የተሰበረ የክፍል መስኮት በካርቶን እየሸፈንን ነው። ምን እንደተሰማኝ በቃል ልነግራችሁ አልችልም።

ለልጁ ምን መለስኩለት? ወርቁ ዓምናም ወጥቶ ነበር፣ በሌላ ሰው መዝገብ ላይ ፈልገው አልኩት። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ አራት አራት ሆነው የየራሳቸውን ዕቃ መርጠው መጡ። አንዱ ቡድን ሰሊጥ፣ አንዱ ግመል፣ አንዱ ማሾ፣ አንዱ የፕላስቲክ ጫማ። የተመድ የንግድ መረጃ ቋት በስልክም ይከፈታል (ኔትወርክ ሲኖር)። እኛ የጻፍነውንና እነሱ የጻፉትን ጎን ለጎን እያደረጉ ነው። የግመል ቡድኖቹ ከአሁኑ መጣላት ጀምረዋል።

አሁን ከእናንተ የምፈልገው አለ። ጂዳና ሪያድ፣ ዱባይ፣ ቤይሩት፣ ዲሲ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ሱቅ ስትገቡ የማሾ፣ የጤፍ፣ የሰሊጥ ወይም የበርበሬ ጥቅል ካያችሁ ጀርባውን ገልብጡትና «የተመረተበት አገር» የሚለው ጋ ምን እንደተጻፈ ፎቶ አንስታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። የሱቁ ስም አያስፈልገኝም፤ ከተማውና ቀኑ ይበቃል። ሥጋ ቤት የምትሠሩም ስለ በጉ ጠይቁልኝ። እስከ ሚቀጥለው ሐሙስ ከደረሰልኝ ልጆቹ ጋ ሰሌዳው ላይ እለጥፈዋለሁ። አጎቴም የማሾዋን ፎቶ እየጠበቁ ነው፤ ከዘሩ በፊት አድርሱልኝ።